ሚውት ያደረግኋት እህት

ኖቬምበር 2020 ነው። ቀኖቹን እዚህ አሜሪካ በለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጻፋቸው። ኮሮና የቤተ ክርስቲያናችንን በር ከዘጋ ስምንት ወር ሆኖታል። የሐሙስ ማታውን ጸሎት ወደ ዙም አዙረነዋል። አስተናጋጇ እኔ ነኝ። ሰው የማስገባው፣ መዝሙር የማጫውተው፣ ማይክ የምዘጋውና የምከፍተው እኔ ነኝ።

ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖታል። "ስለ ሀገራችን እንጸልይ" ተባለ። አንድ ወንድም "ጌታ ሆይ፣ ሠራዊታችንን አስብ፣ ድሉን ስጠን" ብሎ ጸለየ። አሜኑ ደመቀ። እኔም አሜን ብያለሁ። ከዚያ አንዲት እህት ማይኳን ከፈተች። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ በትግርኛ መጸለይ ጀመረች። እያለቀሰች ነው። ከምትለው ውስጥ "ጎይታይ" እና "ኣደይ" የሚሉትን ብቻ ለየሁ። ጌታዬ። እናቴ።

ቻቱ ላይ መልእክት ይንጋጋ ጀመር። "በአማርኛ ይጸለይ እንጂ።" "ይሄ ፖለቲካ ነው።" "አስተናጋጇ የት አለሽ?" ደነገጥኩ። ጉባኤው ሊበተን ነው ብዬ ፈራሁ። ሚውት አደረግኋት።

አላወቀችም። ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ጸለየች። ሁላችንም እያየናት ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ስሟ አጠገብ ያለችውን ቀይ ማይክ አየች። ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ስክሪኗ ጠፋ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የቤት ለቤት ኅብረት ለምትመሩ፣ ለምታስተናግዱ፣ ሽማግሌ ለሆናችሁ፣ መዝሙር ለምትመርጡ ነው። ነገሩ በእኛ ከተማ ብቻ የሆነ አይደለም። ሌላ ከተማ ካሉ ወዳጆቼም ተመሳሳይ ታሪክ ሰምቻለሁ። እኔ ሦስት ዓመት የፈጀብኝን እናንተ ቶሎ እንድታዩት ነው።

መጀመሪያ ይህች እህት ለእኔ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ልጄን ስወልድ ሀገሩን አላውቀውም፤ ዘመድ የለኝም። ገንፎዬን ያገነፋችልኝ እሷ ናት። ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት ስሠራ ልጄ እሷ ቤት ነው የምታድረው። አሥራ አራት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን አምልከናል። የእኔ እናት ወልድያ፣ የእሷ እናት አድዋ አጠገብ ያለ ገጠር። ሁለቱ እናቶች አንድ ጊዜ በቪዲዮ ተገናኝተው፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳትሰማ፣ ሲሳሳቁ አይተናል። ያቺን ሴት ነው ሚውት ያደረግሁት።

ምልክቱ ቀደም ብሎ ነበር። አላየሁትም። በዚያው ዓመት ሜይ 25 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ ፖሊስ አንገቱ ላይ ተንበርክኮበት ሞተ። ልጄ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዋሽንግተን 16ኛው መንገድ ላይ "የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው" የሚለው በትልልቅ ቢጫ ፊደላት የተጻፈ ሰሞን፣ "እማዬ፣ ውሰጂኝ" አለችኝ። "እኛ ስደተኞች ነን፤ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ይልቅ ጸልዪ" አልኳት። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት ለቀሳውስት የጻፈውን ደብዳቤ ስልኳ ላይ አምጥታ አነበበችልኝ። ኪንግ እዚያ ላይ የሚያዝነው በጠላቶቹ ብቻ አይደለም። ረብሻ እንዳይኖር ብለው ፍትሕን "ቆይ፣ ጊዜው አይደለም" በሚሉ ደግ በሚመስሉ ሰዎች ነው። ስለ ነጮች የተጻፈ መሰለኝ። ሰምቼ አለፍኩት።

በወሩ፣ ጁን 29፣ የኦሮምኛ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ጉባኤያችን ውስጥ ሁለት የኦሮሞ ቤተሰቦች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ "ሀዘን ላይ ነን፣ ጸልዩልን" ብሎ ጻፈ። እኛ "ለሀገር ሰላም" ብለን በጅምላ ጸለይን። የእሱንም ስም፣ የሟቹንም ስም አልጠራንም። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ካሜራቸውን አላበሩም። ማንም "ምነው?" አላለም። በዚያው ሰሞን ዘመዱ ሻሸመኔ ውስጥ ቤት ንብረቱ የተቃጠለበት ሌላ ወንድምም ነበር። እሱም ዝም አለ። እንግዲህ ጦርነቱ ሲመጣ ጉባኤያችን ዝም በሚሉ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። እኛ ግን ሰላም ነን ብለን ነበር የምናስበው።

ከዚያች ሐሙስ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሰባት የትግራይ ቤተሰቦች ተራ በተራ ጠፉ። አንዱ ቤዝመንት ውስጥ በትግርኛ ማምለክ ጀመሩ። እኛ ምን አልን? "ዘር ይዟቸው ሄደ" አልን። ጦርነቱ ሳይመጣ እሁድ እሁድ አንድ ሁለት የትግርኛና የኦሮምኛ መዝሙር እንዘምር ነበር። እነዚያም ጠፉ። ይጥፉ ብሎ የወሰነ ሰው የለም። እኔ ራሴ መዝሙር ስመርጥ እጄ አልፏቸው ሄደ። በቃ።

በዚያ ጊዜ አፌ ላይ የማይጠፋ ጥቅስ ነበረኝ። ገላትያ 3፥28። "አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም።" በክርስቶስ ዘር የለም እያልኩ እመክር ነበር። አንድ ነገር ግን አላስተዋልኩም። ይህን ጥቅስ ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ቋንቋችን የቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ የሆነ ሰዎች ነን። የምንጠቅስባቸው ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። እኔ ሳለቅስ የሚተረጎምልኝ አያስፈልገኝም። እንባዬ በአማርኛ ነው፤ ሁሉም ይገባዋል። እሷ ግን ስትጨነቅ እንኳ መጀመሪያ ወደ አማርኛ መመለስ ነበረባት። ጳውሎስ ያን የጻፈው የተገፋውን ወደ ማዕድ ለማስገባት ነው። እኔ አፍ ለመዝጋት ተጠቀምኩበት። እባካችሁ፣ ይህን ጥቅስ አንድ የተጎዳ ሰው ፊት ልትጠቅሱ ስትሉ ቆም በሉ። መጀመሪያ "ምን ሆንሽ?" በሉ።

ሌላም ልጨምር። ይህ የሁላችን የቆየ ኃጢአት ነው። ከደቡብና ከምዕራብ የሀገራችን ክፍል የመጡ ወንድሞችን በቆዳቸው ጥቁረት ስንጠራቸው ያደግንባቸው ቃሎች አሉ፤ እዚህ ልጽፋቸው አልፈልግም። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቻችን ሲናገሯቸው ሰምተን ስቀን አልፈናል። ፖሊስ ሲያስቆመን ግን ሁላችንም አንድ ጥቁር ነን። ልጄ "እማዬ፣ የምትሸሺውን ነገር ራስሽ ታደርጊዋለሽ" ስትለኝ ተቆጥቻታለሁ። እውነቷን ነበር።

ኦገስት 2021 የትግራይ ኃይሎች ወልድያ ገቡ። ስልክ ጠፋ። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት አለባት። በቀን አሥር ጊዜ እደውላለሁ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም።" ያቺን ድምፅ የማያውቃት የለም። እኔ በሕልሜ መስማት ጀመርኩ። ሐሙስ ጉባኤው ስለ ወልድያ ጸለየልኝ። በስም ነው። እናቴን በስሟ ጠርተው፣ አልቅሰው ጸለዩልኝ። ይሄ ፖለቲካ ነው ያለ የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔም ቢሆን እሷ ትዝ አላለችኝም።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። እሷ ናት።

"እማማ እንዴት ናቸው? ወልድያ ስልክ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ።"

መልስ አጣሁ።

"መድኃኒታቸውን የስንት ወር ይዘው ነበር?"

ለካ ታስታውሳለች። መድኃኒቱን አንድ ጊዜ በእሷ ዘመድ እጅ ልከን ነበር። "የሁለት ወር" አልኳት። "እሺ። እግዚአብሔር ይጠብቃቸው" ብላ ዘጋች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ዘጠኝ ወር። ዘጠኝ ወር ሙሉ የእሷን እናት "ደኅና ናቸው?" ብዬ አልጠየቅሁም። መሀል ላይ መቀሌና ሌሎች ከተሞች መስመር ተከፍቶ ሰው ድምፅ ሲሰማ፣ የእሷ መንደር ሳይሰማ ቀርቷል። ይህን እንኳ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ቴክስት ላክሁላት። "ባለማወቅ ካስቀየምኩሽ ይቅርታ፣ ጌታ ልቤን ያውቃል" የሚል። መልስ የለም። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ውስጤ መናደድ ጀመረ። ይቅርታ ጠይቄ እንዴት ዝም ትላለች? ይህን ለአንዲት አዛውንት እናት አጫወትኳቸው። ቴክስቱን አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው።

"ልጄ፣ 'ካስቀየምኩሽ' ምን ማለት ነው?" አሉኝ። "አስቀይመሻታል እኮ። ያቺን 'ካ' አውጪና በእግርሽ ሂጂ።"

ከዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ምክር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን ነው የምሰጣችሁ። "ካጠፋሁ"፣ "ከተሰማሽ"፣ "ባለማወቅ ከሆነ" የሚል ይቅርታ ሸክሙን መልሶ ለተጎዳው ሰው ያሸክማል። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ቃሉን ሳይቀር።

ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ እንዲህ አልኳት፦ "እየጸለይሽ ሳለ ሚውት አድርጌሻለሁ። ሰው ፊት። እናትሽን እየጠራሽ ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ወር አልጠየቅሁሽም። ዘር ይዟት ሄደ ሲሉም ዝም ብያለሁ።" ሌላ አልጨመርኩም። መጨመር አምሮኝ ነበር። ፈርቼ ነው ልላት፣ ቻቱ አስጨንቆኝ ነው ልላት። ዋጥኩት።

አስገባችኝ። ቡና አፈላች። ረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ "ያን ቀን ምን እያልኩ እንደነበር ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። "እናቴ ጆሮዋ አይሰማም። ተኩስ አትሰማም። ሰው ሲሸሽ ማን ይነግራታል፣ አንተ ንገራት እያልኩት ነበር።"

ያን ቀን ይቅር አላለችኝም። "ዛሬ አልችልም" አለች። "ደግሞ ፌስቡክ ላይ ላይክ ያደረግሻቸውን አይቻለሁ።" አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ። አንደኛው ግን "እስከ መጨረሻው!" የሚል ነበር። ቤቴ ስገባ ሁሉንም አጠፋሁ። በኋላ ሽማግሌዎቻችን አንድ ነገር ተስማሙ። የሚያገለግል ሰው ስለ ጦርነት አይለጥፍም፣ ላይክ አያደርግም፣ አያጋራም። የከበዳቸው ነበሩ። መድረክ ላይ የምንሰብከውን እሁድ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ ስልካችንን ግን በየቀኑ ያዩታል። ምእመኑ ማን እንደሆንን የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ ዲሴምበር 2021፣ ወልድያ ተለቀቀች። እናቴ ተገኘች። ከስታለች፣ ግን ደኅና ናት። መጀመሪያ የደወልኩት ለዚያችው እህቴ ነው። "ተመስገን" አለች፣ ከልቧ። የእሷ እናት ያሉበት መስመር ግን ያኔም ዝግ ነው። ደስታዬን ለእሷ መንገር ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

ሁለተኛው ስሕተቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ስለተገኘች ቸኮልኩ። ቤተ ክርስቲያን በአካል መሰብሰብ ጀምራለች። ፌብሩዋሪ 2022 የእርቅ ፕሮግራም አዘጋጀን። አዳራሽ፣ ምሳ፣ "አንድ ነን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ኬክ። የወጡትን ቤተሰቦች በሙሉ ጋበዝን። ኤፌሶን 2፥14 ተሰበከ፤ የጥል ግድግዳ። ስብከቱ ጥሩ ነበር። ከዚያ ሰባኪው ከአማራም ከትግራይም አንዳንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥተው ይተቃቀፉ አለ።

አንድ ወንድም ከኋላ ተነሣ። "ማይካድራ ላይ የታረደው የአጎቴ ልጅ በዚህ ተረሳ ማለት ነው?" አለ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሌላው መልሶ "አክሱም ላይ የተገደሉትስ?" አለ። ከዚያ ጩኸት ሆነ። ልጆች አለቀሱ። እናቶች ቦርሳቸውን አነሱ። ኬኩ ሳይቆረስ ቀረ።

ማታ ኤርምያስ 6፥14ን ሳነብ ያን አዳራሽ የሚያወራ መሰለኝ። "የሕዝቤንም ስብራት በጥቂቱ ይፈውሳሉ፤ ሰላም ሳይሆን፦ ሰላም ሰላም ይላሉ።" በጥቂቱ። እኛ ቁስሉን ሳናይ ፋሻ ጠቀለልንበት። ወዳጆቼ፣ ሰዎችን መድረክ ላይ አታስተቃቅፉ። የተጎዳ ሰው ሳይዘጋጅ ይቅር እንዲል ሕዝብ ፊት አታቁሙት። ያ ለእኛ ለአዘጋጆቹ እፎይታ ነው፣ ለእሱ ሌላ ቁስል ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ትንሽ የጀመርነው። ስድስት ሰው። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እኔ ሳሎን ውስጥ፣ በቡና። ሁለት የትግራይ፣ ሁለት የአማራ፣ አንድ ኦሮሞ፣ አንዲት ከወላይታ የመጣች እህት። ያ ማይካድራ ብሎ የተነሣው ወንድምም አለ። ሕጋችን ጥቂት ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ብቻ ይናገራል። የሚናገረው በራሱና በቤተሰቡ ላይ የደረሰውን ነው። ከምኒልክ ወይም በእኛው አቆጣጠር ከ1983 ዓ.ም. መጀመር የለም። የሚሰማው ሰው በዚያ ቀን መልስ አይሰጥም። "ግን" የሚለው ቃል ክልክል ነው። ጸሎቱ ተናጋሪው በሚመርጠው ቋንቋ ነው።

"ግን" የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው። ወንድማችን ስለ አጎቱ ልጅ ሲናገር እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ይዛ አየኋት። እሷ ስለ እናቷ ስትናገር እሱ የስኒውን ጆሮ ይዞ ሲያዞር አመሸ። የኦሮሞው ወንድም ደግሞ ከሃጫሉ ሞት በኋላ ታናሽ ወንድሙ ለወራት መታሰሩን ነገረን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ሲያመልክ አናውቅም ነበር። አራተኛው ስብሰባ ላይ ሰው መልስ የመስጠት ፍላጎቱ ቀነሰ። መጠየቅ ጀመረ። "ስንት ዓመቱ ነበር?" "ልጆች ነበሩት?" ይህ ጥያቄ ሲመጣ ነው ነገሩ መንገድ መያዙን ያወቅሁት። አፍሪካ ኅብረትን ወክለው ያደራደሩት ኦባሳንጆ በጦርነቱ እስከ 600 ሺህ ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ተናግረዋል። ያን ቁጥር ሰምቶ ማልቀስ ያስቸግራል። "ልጆች ነበሩት?" ተብሎ ተጠይቆ ግን ማልቀስ ይቻላል።

ማውራት ብቻውን አልበቃም። አንድ ቀን እህቴ "ለተፈናቀሉ ተብሎ የተዋጣው ገንዘብ የት ሄደ?" ብላ ጠየቀች። እስከዚያ ድረስ ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ነበር። ገንዘብ ሲነሣ ፊታቸው ተለወጠ። መዝገቡን ገልጠን አየን። ለትግራይ ተወላጆች የደረሰ አንድ ዶላር የለም። ምክንያት ነበረን፤ ባንክ ተዘግቷል፣ መንገድ የለም። "ሱዳን ያሉትስ?" አለች። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ድንበር ተሻግሮ ምሥራቅ ሱዳን ገብቷል። እዚያ ባለው ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ክርስቲያን ድርጅቶች ይሠሩ ነበር። እዚያ መላክ ይቻል ነበር። ያልላክነው ስላልቻልን አይደለም። አላሰብናቸውም።

የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ያለውን ታሪክ ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች ከዕለት ምግብ ተዘለሉ፤ ማጉረምረም ሆነ። ሐዋርያት "በክርስቶስ አንድ ነን፣ አታጉረምርሙ" አላሉም። ሰባት ሰው አስመረጡ። ስማቸውን እዩት። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ እያለ ሰባቱም የግሪክ ስም ነው። ካዝናውን ለተበደሉት ወገን ሰጧቸው ማለት ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ይህን ግን አላየሁትም ነበር። አምስት ሰው ያለው የእርዳታ ኮሚቴ አቋቋምን። ሦስቱ ቅሬታ ካነሡት ወገን ናቸው። ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ በየሦስት ወሩ ለጉባኤ ይነበባል። እርቅ የምትፈልግ ቤተ ክርስቲያን ካለች መዝገቧን ትግለጥ። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለም ትመልከት።

ጁን 2022 ምዕራብ ወለጋ ቶሌ ላይ አማሮች በጅምላ ተገደሉ። በዚያ እሁድ ሽማግሌው ጸሎቱን ሲመራ ሰው በጅምላ የተገደለባቸውን ቦታዎች በስም ጠራ። ማይካድራ። አክሱም። ጭና። ቶሌ። በአንድ ጸሎት ውስጥ። ማይካድራ ሲል አንድ ሰው ተነሥቶ ወጣ። አክሱም ሲል ሌላ ቤተሰብ ወጣ። በዚህ ምክንያት ሁለት ቤተሰቦች ጨርሰው ሄደዋል፤ አንደኛው ከመሠረቱን ሰዎች ነው። ይህን የምነግራችሁ ዋጋ አያስከፍልም ብላችሁ እንዳትጀምሩት ነው። ያስከፍላል። ቢሆንም የኦሮሞው ወንድም ስለ ቶሌ እያለቀሰ ሲጸልይ ያየ ሰው ያን ቀን አይረሳውም።

ኖቬምበር 2፣ 2022 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። ብዙ ሰው "በቃ፣ አለቀ" አለ። በዲሴምበር መጨረሻ መቀሌ አውሮፕላን ገባ፣ ስልክም ይከፈት ጀመር። የእህቴ ስልክ የተነሣው ጃንዋሪ ላይ ነው። ያነሣችው የአክስቷ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች አሥራ አራት ወር ሆኗታል። በጥይት አይደለም። የስኳር መድኃኒት አጥታ ነው።

በእኛ ወግ መርዶ በሌሊት ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ። እሷ ሥራ ቦታ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪና ላይ ሆና ሰማችው።

ለቅሶው ላይ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አሥራ አንድ ሰው ሄደ። ከመቶ በላይ ነን፤ አሥራ አንድ። ሦስት ቀን ተመላለስን። ለመሄድ የምታመነቱ ካላችሁ፣ ሂዱ። ፊት ቢያዞሩባችሁም ሂዱ። "ጌታ ዓላማ አለው" አትበሉ። ስብከት አታምጡ። ምግብ አምጡ፣ ሰሃን እጠቡ፣ ተቀመጡ። እኔ ከአንዲት የትግራይ እናት "ጽንዓት ይሃብኪ" ማለት ተማርኩ። ብርታት ይስጥሽ ማለት ነው። አነጋገሬ ትክክል አልነበረም መሰለኝ፣ እህቴ ቀና ብላ አየችኝና እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ የማይካድራው ወንድም መጣ። በር ላይ ቆመ። የሚያውቁት ሰዎች ዝም አሉ። ገባ፣ ተቀመጠ፣ አንድ ቃል አልተናገረም። እኩለ ሌሊት ላይ ወንበር ሲያጥፍና ሲደረድር ትቼው ወጣሁ።

ያን ሰሞን ልጄንም ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ 16ኛው መንገድ። ያለ "ካ"።

አሁን የት ደረሳችሁ ካላችሁኝ፣ ከሰባቱ ቤተሰቦች ሦስቱ ተመልሰዋል። እህቴ አልተመለሰችም። የቤዝመንቱ ኅብረት ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ እሷም እዚያ ታገለግላለች። መጀመሪያ ይህ አሳዝኖኝ ነበር። አሁን በቋንቋዋ እንድታመልክ መፈለግን ተምሬያለሁ። በየወሩ የመጨረሻ እሁድ ላይ አብረን እናመልካለን፤ አንዴ እነሱ ጋ፣ አንዴ እኛ ጋ። "ይቅር ብዬሻለሁ" ያለችኝ በ2023 ክረምት ነው፤ ሌላ ነገር እያወራን፣ ድንች እየላጠች። በዚያው ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ። "እማማስ?" ብላ የምትደውለው አሁንም እሷ ናት። ልዩነቱ፣ አሁን እኔም እደውላለሁ።

የሐሙሱ የዙም ጸሎት እስከ ዛሬ አለ። አንዳንዴ ትገባለች። ባለፈው ማይኳን ከፍታ በትግርኛ መጸለይ ጀመረች። እኔ አስተናጋጅ ነኝ። ቻቱ ላይ አንድ አዲስ ሰው "ምን እያለች ነው?" ብሎ ጻፈ። ልቤ ደነገጠ። ቀጥሎ ከተመለሱት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ በአማርኛ መጻፍ ጀመረ። እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ እሱ አንድ መስመር ይጽፋል።

"የጠፉብንን አንተ ታውቃቸዋለህ እያለች ነው።"

"ወልድያ ያሉትን እማማን ጠብቃቸው እያለች ነው።"

"አሁን እያለቀሰች ነው። ቆዩ።"

ቆየን።